ከደሴ እስከ ብልባላ፤ የአንድ ቀን መንገድ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሥራው ሪፖርቱ በእጃችሁ ስለሚገባ እኛ ስለ እርሱ አንናገርም። እንድንናገር የተጠየቅነው በ2011 ዓ.ም. ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ብልባላ ስላደረግነው ጉዞ ነው። ልጆቹ «ለተራቡት እያልን የምንሰጠው ሳንቲም የት ይደርሳል?» እያሉ ስለጨቀጨቁን፣ የትምህርት ቤት ዕረፍታቸውን ጠብቀን ድንኳን፣ ምድጃና ብርድ ልብስ በመኪናችን ጭነን ተነሣን። ለገበሬዎች የሚደርስ የአትክልት ዘርም አብሮን ነበረ።

የካቲት 1 ቀን ዓርብ፣ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ከደሴ ወጣን። ሐይቅን በጨለማ አለፍን፤ በውጫሌ ነጋልን። መርሳ ላይ ሙዝ ገዛን፤ እርሱም ሳይበጀን ቀረ፤ ከወልዲያ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ትንሿ ልጃችን የበላችውን ሁሉ መለሰችው። ይህ በ1960ዎቹ ቻይናውያን መሥራት የጀመሩት፣ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ነው። ጋሸና ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ያቺ ከተማ የጦርነት መናኸሪያ ስትሆን፣ ጎማችን ተንፍሶ ሁለት ሰዓት የቆምንበትን ጥግና ሻይ ያቀረበችልንን ሴት ብዙ ጊዜ አስበናል።

ከጋሸና 64 ኪሎሜትር ወርደን፣ ተከዜን ተሻግረን ላሊበላ ስንገባ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሆነ። ልጆቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን እንይ ቢሉም «ስንመለስ» አልናቸው። ሳይመሽ ድንኳን መትከል ነበረብን። ወደ ሰቆጣ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ይዘን፣ ብልባላ ሊታየን ሲል፣ ሰዎች በቃሬዛ የተሸከሙትን ይዘው ከቁልቁለቱ ወደ መንገዱ ሲወርዱ አየን። እጃቸውን አነሡ።

በቃሬዛው ላይ ያለችው ከትናንት ጀምሮ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። አምቡላንስ ተደውሎለት ሌላ ወላድ ይዞ ወደ ሩቅ ቀበሌ ሄዷል። ከሁለታችን አንዳችን ነርስ ነን፤ ስናያት ደም እየፈሰሳት መሆኑን ተረዳን። ሆስፒታሉ ያለው ደግሞ ያለፍናት ላሊበላ ነው፤ 30 ኪሎሜትር ያህል ወደ ኋላ።

ወንድሞች ሆይ፣ እውነቱን እንናገር። ወዲያው እሺ አላልንም። መኪናው ሙሉ ነው፤ እርሷን ለማስተኛት ዕቃውም ልጆቹም መውረድ አለባቸው። አንዳችን መንዳት፣ አንዳችን እርሷን መያዝ አለብን። እንግዲህ የስምንትና የአምስት ዓመት ልጆችን ፀሐይ ስትጠልቅ ለማናውቀው ሰው እንስጥ? በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ደጉ ሳምራዊ ለዓመታት አስተምረናል፤ ያ ሰው ግን ልጆቹን ይዞ ሲጓዝ አልነበረም እያልን በልባችን ተከራከርን።

ከተሸካሚዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። «ልጆቼ፣ ቤቴ ያ ነው» አሉና የሣር ክዳን ቤት አሳዩን። «እናንተ የእኛን ልጅ ያዙ፤ እኛ የእናንተን እንይዛለን።» ትንሿ እያለቀሰች ከእጃችን ተላቃ በእጃቸው ገባች። ዕቃው በመንገድ ዳር ተከመረ፤ እኛም ዞርን።

ያን መንገድ በፍጥነት ብንነዳ ድንጋዩ ያንገላታታል፤ ቀስ ብንል ደሟ ያልቃል። ባልዋ ራሷን በጭኑ ይዞ ማርያምን ይጠራል፤ እኛ ኢየሱስን እንጠራለን፤ በዚያ መኪና ውስጥ ማንም ማንንም አላረመም። ሐኪሞቹ በር ላይ ተቀብለው በቀጥታ ወደ ውስጥ አስገቧት። ልጆቻችን ስላሉ ውጤቱን ሳንጠብቅ በጨለማ ተመለስን።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ልጆቹን በቄሱ ቤት ከምድጃው አጠገብ ጋቢ ለብሰው ተኝተው አገኘናቸው። የጾም ቀን ስለሆነ በሽሮ አብልተዋቸዋል። ዕቃው ሁሉ ከደጅ ገብቷል። እኛ ግን በባትሪ ጥቅሎቹን ቆጠርን፤ አንድም አልጎደለም፤ በመቁጠራችን እስከ ዛሬ እናፍራለን። የቤቱ እመቤት እግራችንን ካላጠብኩ ብለው በግድ አጠቡን።

ሌሊቱን ያን ዕድሜ ሲያወጉን አደሩ ማለት ይቻላል። በ1977 ዓ.ም. የላስታ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ቆረም በእግሩ ሲጓዝ እርሳቸውም ነበሩበት፤ ሁለት ልጆች ይዘው ሄደው አንዱን ብቻ ይዘው ተመልሰዋል። በመንገድ ላይ ማን ውኃ እንደሰጣቸው፣ ማን እንደከለከላቸው ለይተው ያስታውሳሉ። ይህን ሲነግሩን ትልቁ ልጃችን ነቅቶ ይሰማ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

ጠዋት የባልየው ወንድም ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ። በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናቲቱም ተርፋለች። ቄሱ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው አቅጣጫ ዞረው አማተቡ፤ እኛም ቆመን ጸለይን።

ዘሩን ለገበሬዎቹ አስረክበን ሁለት ሌሊት በዚያው ቤት አደርን። ድንኳኑ ከጥቅሉ ሳይፈታ ወደ ደሴ ተመለሰ።