የቪዲዮ ጨዋታና የሕፃናቶቻችን እድገት



ዛሬ እንድንነጋገርበት የተያዘው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ቀላል፥ ለሌሎቻችን ደግሞ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎቻችን ለመዋዕለ ሕፃናቱ የሚሆኑ ያገለገሉ ታብሌቶችንና በቴሌቪዥን የሚሠሩ የጨዋታ መሣሪያዎችን ለመላክ ፈቃደኞች መሆናቸውን ገልጸውልናል። ጨዋታዎቹ ፊደል ያስተምራሉ፥ ሰውነት ያፍታታሉ፥ ስለ ጤናም ይመክራሉ ተብሏል። ስጦታው በፍቅር የቀረበ ስለ ሆነ ምስጋናችን ከልብ ነው። ሆኖም የማጓጓዣው፥ የፀሐይ ኃይል መሙያውና የጥገናው ወጪ የሚነካው ለሕፃናቱ ምሳ የተሰጠውን ገንዘብ ስለሆነ፥ ሳንመረምር ልንቀበለው አንችልም።

ከመካከላችን ጨዋታ ሁሉ ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ አባቶች አሉ። እናከብራቸዋለን፤ በዚህ ግን አንስማማም። ነቢዩ ዘካርያስ ስለምትታደሰው ኢየሩሳሌም ሲናገር በአደባባይዋ የሚጫወቱትን ልጆች ከበረከቷ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ጠቅሶአል። የሚጫወት ሕፃን የጠገበና ጤናው የተመለሰ ሕፃን ነው፤ ይህንንም በምግብ ጣቢያዎቻችን የሚያገለግሉ ነርሶች ከማናችንም ይልቅ ያውቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ሕክምና ካወጣቸው አሥር ደረጃዎች ዘጠነኛው ሕፃኑን ማጫወት፥ ማናገርና በፍቅር መንከባከብ ነው። ጨዋታ ከወተቱና ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የታዘዘ ነገር ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ክርክሩ መጫወት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሳይሆን፥ ምን ዓይነት ጨዋታ ለየትኛው ልጅ የሚል ነው።

ሰውነት ያጠነክራሉ ከሚባሉት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን አንድ የዳንስ ጨዋታ ወጣ። ልጁ አራት ቀስቶች በተሳሉበት ምንጣፍ ላይ ቆሞ፥ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቀስት እየተከተለ በእግሩ ይረግጣል። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት የልጆች ውፍረት ስላሳሰበው እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ጨዋታ ወደ ትምህርት ቤቶቹ የማስገባት ሥራ ጀመረ። አንዲት መምህራችን ስለዚህ ሲነገራቸው፥ «ይህማ ኤሌክትሪክ የገባለት ሰኞ ማክሰኞ ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ሰኞ ማክሰኞ ጠመኔና ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተገኘ ይበቃዋል፤ ሱዚም ገመድ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደግሞም የዚያ አገር ችግርና የእኛ ችግር አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። የተበላ ምግብ እንዲቃጠል የተሠራ መሣሪያ ምግብ ላላገኘ ልጅ ምን ይጨምርለታል? በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም በፎቅ ቤት ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቻችን ግን ሌላ ፍርድ ብትሰጡ አንቃወምም። በረዶ ደጁን በዘጋበት ወራት ልጁ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ከሚውል ተነሥቶ ቢዘል ይሻላል።

የትምህርቱ ነገር ከዚህ የጠለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ባሉ ሁለት መንደሮች፥ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ትቶላቸው ሄደ። መምህርም የአጠቃቀም መመሪያም አልነበረም፤ ለአዋቂዎቹ የተነገራቸው በፀሐይ ኃይል አሞላሉ ነው። ድርጅቱ እንደ ዘገበው አንድ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኘ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ይዘመር ጀመር፤ በወራት ውስጥም ልጆቹ የተዘጋባቸውን ካሜራ ከፍተው ተገኙ። የገጠር ልጆቻችንን አእምሮ ለሚጠራጠር ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። ነገር ግን መዝሙሩ በቤታቸው በማይናገሩት ቋንቋ ነበረ፤ የፊደልን ስም መጥራትና ማንበብም አንድ አይደሉም።

በሱዳን በዚያው ዓመት የተጀመረው ሥራ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ትምህርት ቤት በማይደርስባቸው መንደሮች 66 ልጆች ለስድስት ሳምንት በአረብኛ የተዘጋጀ የሒሳብ ጨዋታ በታብሌት ተጫወቱ። ጨዋታው የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት የተከተለ ነበረ፤ ከመንደሩ የተመረጡ ሰዎችም አጠገባቸው ሆነው ይከታተሉአቸው ነበር። ሲፈተኑ ጨዋታውን ካላገኙት ልጆች በልጠው ተገኙ። ልዩነቱን ያመጡት ልጁ የሚሰማው ቋንቋና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይመስሉናል።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአንድ ጣቢያ ሕፃናት ሲመገቡ ዝም እንዲሉ ስልክ ፊታቸው ሲያዝላቸው አይተናል። ያገለገሉት ሰዎች ደክሞአቸው እንጂ ክፋት አልነበረባቸውም። ነገር ግን በምግብ እጥረት በተጎዳ ልጅ ዘንድ ዝምታ የሕመም ምልክት ነው። በስክሪን ጸጥ ያለውንና በሕመም ጸጥ ያለውን ነርሷ በምን ትለያቸው? የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ከቶ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ቢያንስ ከሆነ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ አሳስቧል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የቴሌቪዥኑን መሣሪያዎች በምስጋና እንመልስ። ታብሌቶቹን አምስት ዓመት ለሞላቸው ልጆች፥ በቋንቋቸው የተዘጋጀ ጨዋታ በተገኘበትና መምህር አብሮ በሚቀመጥበት ቦታ ብቻ እንቀበል፤ ይኸውም ለጋሾቹ የመሙያውንና የጥገናውን ወጪ አብረው ከቻሉ ነው። የምሳው ገንዘብ አይነካ። በምግብ ሰዓትና በሕክምና ክፍል ስልክም ታብሌትም አይግባ።

የመልሱ ደብዳቤ ከኮሚቴው ውሳኔ በኋላ ይጻፋል። የኳስ፥ የገመድና የጠመኔ ዋጋ ዝርዝር ከየፕሮጀክቱ ስለ ደረሰን፥ ለልጆቹ ጨዋታ መስጠት የሚወዱ ሁሉ እንዲያዩት አብሮ ይላካል።