ቀጠሮው ወደ ዳታቤዝ ሲገባ

ማይኤስኪውኤል ኢምፖርት የጽሑፍ ፋይልን ከትእዛዝ መስመር ወደ ዳታቤዝ ሠንጠረዥ ይጭናል፤ የሠንጠረዡን ስም የሚወስደው ከፋይሉ ስም ነው። «ሎካል» የተባለው አማራጭ ፋይሉ ትእዛዙ ከተሰጠበት ኮምፒውተር እንዲነበብ ያደርጋል። «ኢግኖር ላይንስ» የርዕሱን መስመር ያዘልላል፤ «ሪፕሌስ» መለያ ቁጥር ሲደገም አሮጌውን መዝገብ በአዲሱ ይተካል።

የፍርድ ቤት ቀጠሮ በዚህ መንገድ ሲጫን ከሁሉም የሚያስቸግረው ቀን ነው። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ቀጠሮ የሚሰጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 «2017-02-30» ተብሎ ቢጻፍ የዳታቤዙ የቀን ዓምድ ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያነበዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናት! «ሎካል» ሲታከል አደጋው ይብሳል፦ ስህተቱ ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ይልና የቀጠሮው ቀን በዜሮዎች ተሞልቶ ይገባል። ስለዚህ ቀኑ ከመጫኑ በፊት ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይለወጣል፤ አለዚያም በጽሑፍ ዓምድ ይቀመጣል።