ሦስት ሲኒ፤ ወይም የአንድ ጎጆ ሒሳብ

(በተማሪዎች ኅብረት የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የኅብረቱ ኮሚቴ ስለ ትዳር ኑሮ እንድንናገር የመረጠን ዕውቀታችን ከሌላው በልጦ ሳይሆን፤ አግብተን የምንማር ስለ ሆንን ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ስለ ትዳር የሚናገሩት ብዙው ካለፈ በኋላ ነው፤ ላጤዎች ደግሞ ገና ሳይደርስባቸው ነው። እኛ ግን እሳቱ ላይ እንደ ተጣድን የምንናገር ስለ ሆነ፤ ቃላችን ጢስ ጢስ ቢል ይቅርታ እንድታደርጉልን እንለምናለን።

ይህን ንግግር የጻፍነው ሁለት ሆነን ነው። ስለዚህ «እኛ» ስንል እንደ ነገሥታት ራሳችንን ማክበራችን አይደለም፤ በእውነት ሁለት ስለ ሆንን ነው። በማንስማማበት ቦታ «ባል የተባለው ወገን» እና «ሚስት የተባለችው ወገን» እያልን እንለያያለን።

ጎጆ የወጣነው በሰቶ ሰመሮ ነው። ቤታችን ባለ ሁለት ክፍል ሲሆን፤ በውስጡ የምንኖረው እኛ፤ አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ልጃችንና ከአጋሮ ለትምህርት የመጣች የባል ታናሽ እኅት ነን። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የክልሉ ፈተና ይጠብቃታል። እኛም ሁለታችን ፈተና ይጠብቀናል። ከቤቱ ሰው ፈተና የሌለበት ሕፃኑ ብቻ ነው፤ እርሱ ራሱ ለሌሎቻችን ፈተና ነውና።

ጅማ ዝናብ የማይነፍጋት አገር መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ ለቡናው መልካም ነው፤ ለሕፃን ጨርቅ ግን ጥፋት ነው። በጥቅምት ፀሐይ ብቅ ስትል እናታችን ከአጋሮ በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ይልኩልናል። ጀንፈሉ ተሰጥቶ በየጊዜው ካልተገላበጠ ይሻግታል። የልጁም ጨርቅ ካልተሰጣ ልጁ ራቁቱን ይቀራል። እንግዲህ አንዲት ጠባብ ግቢና አንዲት አጭር ፀሐይ ለሁለት ባላጋራዎች መካፈል ነበረባቸው። በቤታችን የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው በዚህ ነው፤ ደመና ሲመጣ ሮጦ የሚያስገባ ማን ነው? ቀድሞስ መነሣት ያለበት ቡናው ነው ወይስ ጨርቁ?

ሁለተኛው ክርክር ራሱ የቡናው አፈላል ነበር። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው የአገሩ ልጆች ነን። በዚህ እንኮራለን፤ ይገባልም። ነገር ግን ይህን ሁሉ ቡና ማን አፈላው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከሰል ማቀጣጠል፤ ቡናውን ማጠብ፤ መቁላት፤ መውቀጥ፤ ማፍላት፤ ጎረቤት መጥራት፤ አቦል፤ ቶና፤ በረካ እያሉ መቅዳት፤ በመጨረሻም ሲኒውን ማጠብ። ጠጪው ሲመረቅና ሲጫወት ያመሻል፤ አፍይው ግን ነገ የሚፈተኑበትን ደብተር ሳይገልጥ ይመሻል።

ስለዚህ ነገሩን በሳይንስ ለመመርመር ተስማማን። ሁለት ሲኒ መደርደሪያው ላይ አቆምን፤ አንዱ የባል፤ አንዱ የሚስት። ከሩብ ሰዓት በላይ የወሰደ የቤት ሥራ የሠራ ሰው አንዲት የቡና ፍሬ በሲኒው ይጥላል። ሲኒው ሲሞላ ወደ ጣሳ ይገለበጣል። ሕጉ ይኸው ነው፤ አንቀጽም ንዑስ አንቀጽም የለውም።

ወዲያው ግን ጠበቃ የሚያስፈልገው ጉዳይ መጣ። ሚስት የተባለችው ወገን ጨው ማለቁን፤ የልጁ ክትባት ቀን መድረሱንና የቤት ኪራይ መቃረቡን ስላሰበች ፍሬ ይገባኛል አለች። ባል የተባለው ወገን ማሰብ ሥራ አይደለም ሲል ተቃወመ። እርስዋም፤ «ማሰብ ሥራ ካልሆነ መምህራኖቻችን ደመወዝ የሚከፈላቸው ስለ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። በዚህ አዳራሽ ያሉት መምህራን ፍርዱ ለማን እንደ ተሰጠ ሳይገምቱ አይቀሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰብ ሁለት ፍሬ ያስገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን በዚያው በመጀመሪያው ምሽት፤ ገና አንድ ፍሬ ሳይጣል የሆነው ነው። ታናሺቱ እኅት ዝም ብላ ስትሰማን ቆይታ ተነሣችና ሦስተኛ ሲኒ አምጥታ ከሁለቱ ጎን አስቀመጠች። «ጋሼ፤ ይኼ የእኔ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እዚህ ላይ ጨዋታውን ለጥቂት ጊዜ እናቁምና አንድ ነገር እናስብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። ደግሞም ባል ለሚስቱ የቤት ሠራተኛ ሊያኖርላት ካልቻለ፤ የቤቱን ሥራ ሚስት ራስዋ እንድትሠራ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ለቤት ሥራ የታየው ሠራተኛ ወይም ሚስት ብቻ ነው። ሦስተኛ ምርጫ፤ ማለት ባል ራሱ ከሰል ሊያቀጣጥል ይችላል የሚለው፤ አልታሰበም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ለውጦ፤ ባልና ሚስት በቤተ ሰባቸው አመራር እኩል መብት እንዲኖራቸው፤ እንዲከባበሩና እንዲደጋገፉ ደነገገ። ኦሮሚያም የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። 1992 ዓ.ም. ለእኛ ሌላም ትዝታ አለው፤ የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተጋብተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በዚያው ዓመት ነውና። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲያችንና አዲሱ ሕግ እኩዮች ናቸው ማለት ነው።

ነገር ግን ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። አዲሱ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረገ፤ ሦስተኛይቱስ? እንደኛ ያሉ ተማሪ ባልና ሚስት፤ ወይም ከቢሮ የሚውሉ ባልና ሚስት፤ «እኛስ እኩል ነን» ሲሉ፤ እኩልነታቸው ብዙ ጊዜ የተቀመጠው ከገጠር «ትማር» ተብላ በመጣች ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ባልም አያፈላም፤ ሚስትም አታፈላም፤ ሁለቱም ያነባሉ። ቡናው ግን ይፈላል። በጠዋት የምትነሣው፤ ማታ ሲኒ አጥባ በመጨረሻ የምትተኛው፤ ከዚያም በክፍል ውስጥ የምታንቀላፋው እርስዋ ናት። እንዲህ ያለው እኩልነት የአሮጌው ሕግ ልጅ ነው፤ ስሙን ለውጦ ይኖራል እንጂ አልሞተም።

በኅዳር እናታችን ለቀማው ጋብ ሲል ሊጠይቁን መጡ። ሲገቡ ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ሲኒ ያጥባል።

«ልጄ፤ ምነው፤ ሚስትህ ታመመችብህ እንዴ?» አሉ።

«የለም እማዬ፤ ሒሳብ እየሠራን ነው» አላቸውና የሦስቱን ሲኒ ነገር ነገራቸው።

እናታችን ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አንሥተው አዩና፤ «የእኔ እንዲህ ቢቆጠር ኖሮ፤ ሲኒ ቀርቶ ጎተራም አይበቃውም ነበር» አሉ። ቀጥለውም፤ «እኔ ቡናውን አገላብጣለሁ፤ አባትህ ብሩን ያገላብጣል» ብለው ሳቁ። በቡና አገር ያደጋችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ለቅሞ፤ አስጥቶና አገላብጦ የሚያደርቀው አብዛኛውን ጊዜ ሴትና ልጅ ነው፤ ለሽያጭ የሚሄደው ግን አባወራው ነው።

ከሳቁ በኋላ የልጃቸውን ሲኒ ለብቻው ይዘው፤ «የዚህችን ሲኒ ባዶውን አቆዩልኝ፤ ደብተርዋ ይሙላ» አሉን።

ይህ ቃል ለቤታችን ሕገ መንግሥት ሆነ። ከማታው አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት የልጅቱ ሲኒ ያርፋል። በሥራ ቀን የሚፈላው አቦል ብቻ ነው፤ እስከ በረካ የምንደርሰው እሑድ ነው። ባል የተባለው ወገን ቡና መቁላት ተምሮአል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሰል የሚመስል ነገር ቢያወጣም ጎረቤቶቻችን ስለ ጨዋነታቸው ይጠጡታል። አንዲት ጎረቤታችን በመጀመሪያ፤ «ባልሽን ቡና አስፈላሽው አሉ» ብለው ለሚስት የተባለችው ወገን አዝነውላት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እስቲ የሲኒውን ነገር ለእኛም ቤት ሰውዬ አስረዱልኝ» ሲሉ መጥተዋል።

አንዳንዶቻችሁ ፍቅር ባለበት ቤት መቁጠር ምን ያደርጋል እንደምትሉ እናውቃለን። እኛ እንዳየነው «ፍቅር አይቆጥርም» የሚለው ብዙውን ጊዜ ሲኒው ባዶ የሆነው ወገን ነው። ደግሞም የቆጠርነውን አናስቀምጥም። እሑድ ማታ የሦስቱንም ፍሬ ቀላቅለን ቆልተን፤ ከአንድ ጀበና እንጠጣዋለን። የማን ፍሬ የትኛው እንደ ነበረ የቀመሰ ሰው ሊለይ አይችልም።

ላጤዎች ጓደኞቻችን፤ ለእናንተ ያለን ምክር አጭር ነው። ልታገቡ ስታስቡ ስለ ሙሽራ ልብስና ስለ አዳራሽ ከመነጋገራችሁ በፊት፤ ከሰሉን ማን እንደሚያቀጣጥል ተነጋገሩ። ያገባችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሲኒዎቹን ቁጠሩ፤ በቤታችሁ ውስጥ ሲኒ ያልተቀመጠለት ሠራተኛ እንዳለ ተመልከቱ። እርስዋም እንደ እናንተ ፈተና ሊኖርባት ይችላልና።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ ለመመለስ ዝግጁ ነን፤ እስከ ሦስት ሰዓት ግን ቤት መድረስ አለብን፤ ልጃችንን የያዘችው አክስቱ ስላልሆነች ነው። አክስቱ በዚህ ሰዓት ታጠናለች።