ሕመምተኛን ማስራብ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የእድራችን ሥራ ድንኳን መትከል፣ አግዳሚ ማውጣት፣ ቀብር ማድረስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት ስላለው ጊዜ ለመናገር ነው። ብዙ ዘመን በጤና ረዳትነት ስለ ሠራሁ ኮሚቴው ይህን አዞኛል።

ከራሴ ቤት ልጀምር። ታናሽ ወንድሜ ኩፍኝ በወጣበት ጊዜ በጨለማ ክፍል ተኝቶ፣ ወተትም ሆነ እንቁላል ተከልክሎ፣ ቀጭን አጥሚት ብቻ እየተሰጠው ሰነበተ። ኩፍኙ ጠፋ፤ ተቅማጡ ግን ቀጠለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀበርነው። እናቴ ይህን ያደረገችው ከፍቅሯ ብዛት ነው፤ ጎረቤቱም ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። እርሷን የሚወቅስ ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ነገሩ የገባኝ ነጭ የደም ሕዋሳት ምን በልተው እንደሚሠሩ ከተማርሁ በኋላ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው ይባላል። ታዲያ ዘበኛ ቀለብ አይፈልግም እንዴ? የአጥንታችን መቅን ኒውትሮፊል የሚባለውን ዓይነት ብቻ በየቀኑ ወደ መቶ ቢሊዮን ያህል ይሠራል፤ ዕድሜውም ከጥቂት ቀናት አያልፍም። ሊምፎሳይት የተባሉት ደግሞ ጠላታቸውን እስኪያገኙ ድረስ በጥቂት ቀለብ ዝም ብለው ይቆያሉ፤ ባገኙት ጊዜ ግን ጠባያቸው ይለወጣል። ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር ይሻሙታል፤ ኃይሉን አሟጠው ከማውጣት ይልቅ አብዛኛውን በግማሽ ሰባብረው ይጥሉታል። ስማር ይህ ብክነት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ከስባሪው አዲስ ሕዋስ የሚሠራበትን ዕቃ ይለቅማሉ፤ አንዱ ሕዋስ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር መሆን አለበትና።

ከስኳሩ ሌላ ግሉታሚን የተባለውን የፕሮቲን ክፋይ ይፈልጋሉ፤ እርሱም በአብዛኛው የሚመጣው ከጡንቻ ነው። የታመመ ሰው ክንዱ ሲመነምን የምናየው ሰውነቱ የራሱን ግድግዳ እያፈረሰ ዘበኛውን ሲቀልብ ነው። በዚያ ላይ ትኩሳት አለ፤ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከመቶ 10 እስከ 13 እጅ ይጨምራል። እንግዲህ ወጪው በበዛበት ሰዓት ነው እኛ ገቢውን የምንዘጋው!

በልጆች ይብሳል። ከደረት አጥንት በስተኋላ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ፤ የአንዳንዶቹ ሊምፎሳይቶች ማሠልጠኛ ነው። ሕፃን በጽኑ ሲራብ ይህ ዕጢ ይኮሰምናል፤ ደግነቱ ልጁ ሲያገግም መልሶ ያድጋል።

ስለ ቪታሚን ኤ ጥቂት ልበል፤ ወንድሜን ሳስብ የሚቆጨኝ እርሱ ነውና። ይህ ቪታሚን የዓይንን፣ የሳንባንና የአንጀትን ሽፋን ይጠብቃል፤ ነጭ ሕዋሳትም ወደ አንጀት መንገዱን የሚያገኙት ከእርሱ በሚሠራ ምልክት ነው። ኩፍኝ ደግሞ ያለውን ያሟጥጣል። አልፍሬድ ሶመር የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢንዶኔዥያ፣ በአቼ አውራጃ፣ ለሕፃናት ቪታሚን ኤ ሰጥተው ሞት ከመቶ 34 እጅ ያህል መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ1986 አሳትመዋል። ዛሬ ኩፍኝ ለያዘው ልጅ በሁለት ተከታታይ ቀናት እንዲሰጠው የዓለም ጤና ድርጅት ያዛል። መጠኑን የሚወስነው ጤና ጣቢያው ነው፤ ከሱቅ ገዝቶ መስጠት አይገባም፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ሁሉም ነገር ይጨመር ማለቴም አይደለም። ብረትን ተመልከቱ። ተውሳክ ብረት ይወዳል፤ ስለዚህ ሰውነት በሕመም ጊዜ ብረቱን ከደም አንሥቶ ይሸሽገዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ አንድ ጥናት፣ የብረት እጥረት ካለባቸው የሶማሌ አርብቶ አደሮች መካከል ብረት የተሰጣቸው 36 ጊዜ በተላላፊ በሽታ ሲያዙ ያልተሰጣቸው 7 ጊዜ ብቻ ነው የተያዙት። በጽኑ ለተራበ ሕፃንም በሕክምናው መጀመሪያ ላይ የብረት መድኃኒት የማይሰጠው ለዚህ ነው። የብረት ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለታመመ ልጅ አትስጡ።

አልበላም ቢልስ? ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ጡት አይከልከል። አጥሚቱ ወፈር ይበል፤ ሦስት እጅ እህል ከሆነ አንድ እጅ ምስር ወይም ሽምብራ ይግባበት፤ ለገፋ ልጅ እንቁላል ቢገኝ፣ ባይገኝ ጐመንና ካሮት። ተቅማጥ ካለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩና የዚንክ ክኒኑ ከጤና ጣቢያ ይምጣ፤ ምግቡ ግን አይቋረጥ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። የእድራችን ድስቶች ለቅሶ ከሌለ በዕቃ ቤት ተቆልፈው ነው የሚከርሙት። ሐዘንተኛን «እህል ቅመሱ» ብለን በግድ እናጎርሳለን፤ ደግ ነው። ሕመምተኛ ባለበት ቤትስ፣ እናትዬዋ እንቅልፍ አጥታ ስትቀመጥ፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ቢያበስል ምን ይለዋል? ለሴቶቹ ብቻ የሚተው ሥራም አይደለም። ጉባኤው እንዲነጋገርበትና ድምፅ እንዲሰጥበት አቀርባለሁ።