የታመመ ኮርማ መቼ ወደ ላሞቹ ይመለስ?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በእንስሳት ጤና ባለሙያ የቀረበ ንግግር)



ንግግሬን ራሴ ካጠፋሁት ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት የአንድ ማኅበር አባላት በጋራ የሚጠቀሙበት ኮርማ በቆዳ ጉርብርብ፣ እኛ ባለሙያዎች ላምፒ ስኪን በምንለው በሽታ ታመመ። ይህ በሽታ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የማያውቀው አርቢ የለም። የኮርማው ትኩሳት በረደ፣ እባጩ ደረቀ፣ መኖውን መብላት ጀመረ። «ዶክተር፣ እንልቀቀው?» ሲሉኝ «ድኗል፣ ልቀቁት» አልኩ። ኮርማው ሥራውን አልተወም፤ የደራችውን ላም ሁሉ ያጠቃ ነበር። ላሞቹ ግን በ21 ቀናቸው ተመልሰው ኮርማ ፈለጉ። በዚያ ዓመት ጥጃም ወተትም የቀረባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። አንድ አባት «ልጄ፣ ድኗል ያልከን ምኑን አይተህ ነው?» አሉኝ። ከቆዳው በቀር ያየሁት አልነበረም።

ምን ማየት ነበረብኝ? የሰውነት መከላከያ ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች አሉ፤ ሳይቶካይን ይባላሉ። የእድር ጡሩምባ ማለት ናቸው። ጡሩምባው ሲነፋ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ እርሻውም ለዚያ ቀን ይቆማል። በሽታ ሲገባም ኢንተርሉኪን አንድ፣ ኢንተርሉኪን ስድስትና ቲኤንኤፍ የሚባሉት መልእክተኞች በደም ይሠራጫሉ። አንጎልን ቀስቅሰው ትኩሳት ያስነሳሉ፤ ይህም በሽታውን ለመዋጋት ይጠቅማል። ጉዳቱ የሚደርሰው በቆለጡ ላይ ነው (በጉባኤ ፊት ነውር አይሁንብኝ፣ ሌላ ስም የለውም)። ቆለጥ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው ዘር ለመሥራት ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ ያለ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ነው። ትኩሳቱ ያሞቀዋል። እነዚያው መልእክተኞች ደግሞ ቴስቶስተሮን የተባለውን የወንዴ ሆርሞን ምርት ይቀንሳሉ።

ሌላም አለ። ዘር መሠራት የሚጀምረው ወይፈኑ ሲጎረምስ ነው። የሰውነት መከላከያው ግን የራሱን ከባዕድ መለየት የተማረው ከዚያ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ዘሩን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይችላል። ስለዚህ ሰርቶሊ የተባሉ ሴሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አጥር ይሆኑለታል። የሚገርመው፣ በአይጥ ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው፣ በጤና ጊዜ በማደግ ላይ ያለው ዘር እንዲያልፍ የአጥሩን በር የሚከፍቱት እነዚሁ መልእክተኞች በጥቂቱ ሲለቀቁ ነው። በበሽታ ጊዜ ሲበዙ ግን አጥሩን ያላላሉ።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው ልምጣ፤ የኔም ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በኮርማ ቆለጥ ውስጥ አንድ ዘር ተሠርቶ ለማለቅ 61 ቀን ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በማብሰያው ቱቦ ውስጥ ከ8 እስከ 11 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ የሚወጣው ዘር ከሁለት ወር በላይ አስቀድሞ የተጀመረ ነው። ቆዳው ቢድንም ዘሩ ገና በትኩሳቱ ሰሞን የተሠራው ነው። በደቡብ አፍሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሙከራ ደግሞ፣ በዚህ በሽታ በተያዙ ኮርማዎች የዘር ፈሳሽ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ እስከ 42ኛው ቀን፣ የቫይረሱ ርዝራዥ እስከ 159ኛው ቀን ተገኝቷል።

እንግዲህ ትኩሳቱ ከበረደበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 70 ቀን ይቆጠር። ከዚያም ቆለጡ ይዳሰስ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ፣ አንዱ ከጠጠረ ወይም ከሟሸሸ አይለቀቅ፤ ጠባሳ የያዘ ቆለጥ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። የሚቻል ከሆነ ዘሩ በማይክሮስኮፕ ይታይ። እስከዚያው ላሞቹ በሰው ሠራሽ ዘዴ ይዳቀሉ። ቢሾፍቱ ላይ የሚመረተው ክትባትም በሽታው ከሚበረታበት ወቅት አስቀድሞ ለኮርማው ይሰጠው።

ይህን ስል የማኅበራቱ ችግር ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ኮርማ ብቻ ያለውን ማኅበር 70 ቀን ጠብቅ ብንለው አይጠብቅም፤ አይፈረድበትምም። የአዳቃይ ቴክኒሻን አንድ ቀን ቢዘገይ የላሟ ድራት ያልፋል። ስለዚህ የወረዳ ኃላፊዎቻችን የቴክኒሻኑን የመጓጓዣ ጉዳይ እንዲያዩልን፣ ዩኒየናችንም በየማኅበሩ ተጠባባቂ ኮርማ የሚገዛበትን መንገድ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ እንዲያደርገው እጠይቃለሁ። የማኅበራቱ ጸሐፊዎች ደግሞ ዛሬውኑ በኮርማው መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩልኝ፦ ትኩሳቱ የበረደበት ቀን።