የፀሐይ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሲታወክ



ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ብላችሁ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለሥራ የተጓዛችሁ እንደ ሆነ፥ የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተሰቅሎ ሳታዩ አትቀሩም። በሰሌዳውና በባትሪው መካከል አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች፤ የዛሬው ንግግራችንም ስለ እርሷ ነው። ሣጥኒቱ ስትበላሽ ብቻዋን አትሞትም፤ ብዙ ዋጋ የወጣበትን ባትሪ ይዛ ትሞታለችና።

በውስጧ ማይክሮኮንትሮለር የተባለ ረቂቅ ሒሳብ ሠሪ ይገኛል። ሥራውም የኤሌክትሪኩን በር በሴኮንድ ብዙ ጊዜ መክፈትና መዝጋት ነው። ገበሬ የመስኖውን ቦይ አፍ ሳያጠብ ቶሎ ቶሎ ቢከፍተውና ቢዘጋው፥ ወደ እርሻው የሚገባው ውኃ ክፍት እንደ ቆየበት ጊዜ ልክ ይበዛል ወይም ያንሳል። ባለሙያዎች ይህን ዘዴ ፒ ደብልዩ ኤም ይሉታል።

ምቱን በዓይን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ በየጥገና ቤቱ አይገኝም። ዳሩ ግን ተራው ቴስተር ይበቃል። በሩ በ5 ቮልት በሚከፈተው ዓይነት፥ ቴስተሩ የሚያሳየው አማካዩን ነውና፥ ምቱ ግማሹን ጊዜ ክፍት ሲሆን 2.5፥ ሩቡን ጊዜ ሲሆን 1.25 ቮልት ገደማ ይነበባል። የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ በማይክሮኮንትሮለሩ ኔጌቲቭ ላይ ይዋል እንጂ በሰሌዳው ላይ አይሁን፤ ሁለቱ በብዙ ሣጥን አንድ አይደሉም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በሰዓቱ ነው። ጠዋት ባትሪው ባዶ ሳለ በሩ ፈጽሞ ይከፈታል፤ ምትም የለም፤ ቴስተሩ 5 ላይ ይቆማል። ይህ ጤንነት ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ምቱ የሚመጣው የ12 ቮልቱ የእርሳስ ባትሪ ወደ 14.4 ሲጠጋ ነው። እንግዲህ የጤና ኬላውን ሣጥን «አገልግሎቱን የጨረሰ» ብላችሁ በንብረት መዝገብ ከማስፈራችሁ በፊት፥ የተለካው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠይቁ።

ባትሪው ሞልቶም ንባቡ ከ5 ካልወረደ፥ ጥፋቱ ከማይክሮኮንትሮለሩ ወይም የባትሪውን ቮልት ከሚያደርስለት መስመር ነው። ንባቡ ወርዶ ሳለ ባትሪው ከ15 ቮልት በላይ እየወጣ ከሄደ፥ በሩ፥ ማለት ትራንዚስተሩ፥ ተቃጥሎ ክፍት ቀርቷል፤ ባትሪውም እየፈላ ውኃውን ይጨርሳል። ትራንዚስተሩ ተለውጦ ከሆነና እጅ የሚፈጅ ከሆነ፥ 10 ቮልት የሚሻው ዓይነት በ5 ቮልት እየታዘዘ በግማሽ ተከፍቶ ይሆናል።

ሲፈታ ሰሌዳው ይቀድማል፥ ባትሪው ይከተላል፤ ሲገጠም ባትሪው ይቀድማል።