ቀሪው የሚናገረው
(ስለ ራሽናል ፈንክሽን አሲምፕቶት አስተማመር ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አሲምፕቶት የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው «የማይገናኝ» ማለት ነው። የጴርጌው አፖሎንዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት ግድም በደረሰው «ኮኒክስ» በተሰኘው ሥራው፣ ሃይፐርቦላና አሲምፕቶቶቹ ያለ ገደብ እየተቀራረቡ ምን ጊዜም እንደማይገናኙ አረጋግጧል። ለሃይፐርቦላ እውነት የሆነው ይህ አባባል ግን ሳይመረመር ለራሽናል ፈንክሽን ሁሉ ሲነገር ተማሪውን ያሳስታል።

የተለመደው አስተማመር ሦስት ደንቦችን ማስጠናት ነው። የላዕሉ ዲግሪ ከታህቱ ቢያንስ አሲምፕቶቱ የዜሮው አግድም መስመር ነው፤ እኩል ቢሆን የመሪዎቹ ኮኤፊሸንቶች ውድር ይወስነዋል፤ በአንድ ቢበልጥ ሰያፍ ነው። ደንቦቹ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ምክንያታቸው ያልተገለጠለት ተማሪ ፈተናው ሲያልፍ ደንቡም አብሮ ያልፈዋል።

ምክንያቱ የሚገኘው ተማሪው ከልጅነቱ በሚያውቀው ማካፈል ውስጥ ነው። 17 ለ5 ሲካፈል ድርሻው 3፣ ቀሪው 2 እንደሚሆን ሁሉ፣ ፖሊኖሚያልም ሲካፈል ድርሻና ቀሪ አለው። ተለዋዋጩ ሀ፣ የፈንክሽኑ ዋጋ መ ይባሉ፤

መ = (ሀ² + 1)/(ሀ − 1) = ሀ + 1 + 2/(ሀ − 1)

ድርሻው ሀ + 1 ራሱ ሰያፉ አሲምፕቶት ነው። የቀረው 2/(ሀ − 1) ደግሞ በኩርባውና በመስመሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሀ 101 ሲሆን 0.02፣ 1001 ሲሆን 0.002 ይሆናል። ሦስቱም ደንቦች ከዚህ ከአንዱ ሥራ ይወለዳሉ።

ቀሪው ሌላም ነገር ይናገራል፤

መ = (ሀ² + ሀ)/(ሀ² + 1) = 1 + (ሀ − 1)/(ሀ² + 1)

አሲምፕቶቱ መ = 1 ነው። ይሁን እንጂ ሀ = 1 ሲሆን ቀሪው ዜሮ ስለሚሆን ኩርባው መስመሩን በዚያ ነጥብ ያቋርጠዋል። «ግራፍ አሲምፕቶቱን አይነካም» ተብሎ የተማረ ልጅ ይህን ሥዕል በትክክል ከሣለ በኋላ የተሳሳተ መስሎት ይደመስሰዋል። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ የገዛ ሒሳቡን ማመን ትቶ ያልተመረመረ ቃል ያምናል።

በእርግጥ ቀጥ ብሎ የቆመው አሲምፕቶት አይነካም፤ በዚያ ሥፍራ ታህቱ ዜሮ ስለሚሆን ፈንክሽኑ ዋጋ የለውም። ሆኖም ታህቱን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ሁሉ አሲምፕቶት አያስገኝም። (ሀ² − 1)/(ሀ − 1) ሲቃለል ሀ + 1 ስለሚሆን፣ በሀ = 1 ላይ የሚታየው በቀጥታው መስመር ላይ ያለ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።

እንግዲህ መምህሩ ሥራውን በዚህ ተራ ቢመራው ይበጃል፤ መጀመሪያ ማቃለል፣ ቀጥሎ ማካፈል፣ ከዚያም «ቀሪው የት ላይ ዜሮ ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ፣ በመጨረሻም ግራፉን ማሣል። በዚህ መንገድ የሄደ ተማሪ ደንቡን ቢረሳ እንኳ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ መልሶ ያገኘዋል።